የወንዝ ዳር የሚናደው ከሥሩ ነው

እንደሚታወቀው በእስራኤል የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ዓመቱን ሙሉ ደርቀው የቆዩ ሸለቆዎች በአንድ ሌሊት ወንዝ ይሆናሉ። ናሐል ቤር ሼቫና ከኬብሮን ተራሮች ተነሥቶ በቂርያት ጋት አካባቢ አልፎ አሽዶድ ላይ ባሕር የሚገባው ናሐል ላኺሽ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ጎርፉ ሲያልፍ የወንዙ ዳር ተቆርሶ ይገኛል። ብዙ ቤተሰቦቻችን የሚኖሩት በነዚህ ከተሞች ስለሆነና ልጆችም በወንዞቹ ዳር ስለሚጫወቱ፣ ዳሩ ለምን እንደሚናድና መሐንዲሶች በምን ዘዴ እንደሚጠብቁት ባጭሩ ልናስረዳ ወደድን።

ለምን ይናዳል?

ብዙ ሰው ውኃው ዳሩን ከላይ ገፍቶ የሚጥለው ይመስለዋል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከታች ነው። ውኃው መጀመሪያ የዳሩን እግር ይቦረቡራል፤ ከላይ ያለው አፈር መቆሚያ ያጣና በራሱ ክብደት ይወድቃል። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ውኃው በውጭው በኩል ስለሚበረታ ያኛው ዳር ይበልጥ ይበላል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አፈሩን የሚጠርገው ኃይል ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። በሰሜን ነጌቭ ያለው ሌስ የሚባለው አፈር ደግሞ ነፋስ ያከማቸው፣ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲርስ ግን በቀላሉ ይፈርሳል።

ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ዳሩ ብዙ ጊዜ የሚናደው ወንዙ ሲሞላ ሳይሆን ሲጎድል ነው። አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል፣ ከጎን ደግፎት የነበረው የወንዙ ውኃ ግን ሄዷል።

የመከላከያ ዘዴዎች

1ኛ/ የድንጋይ ንጣፍ፦ ዳሩ በተዳፋት መልክ ይስተካከልና ጠርዝ ባላቸው ትላልቅ ድንጋዮች ይሸፈናል። ክብ ድንጋይ ይንከባለላል፣ ጠርዝ ያለው ግን እርስ በርሱ ይያያዛል። አፈሩ በድንጋዮቹ መካከል እንዳያመልጥ ከሥር ጠጠር ወይም ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ይነጠፋል። ንጣፉ ከወንዙ ወለል በታች ገባ ብሎ ካልተጀመረ ግን ውኃው ከሥሩ ቦርቡሮ ይጥለዋል።

2ኛ/ ጋቢዮን፦ ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን ነው። ውኃ ስለሚያሳልፍ ከኋላው ያለው አፈር ይደርቃል፤ መሬቱ ትንሽ ቢሰምጥም አብሮ ይታጠፋል እንጂ እንደ ግንብ አይሰነጠቅም።

3ኛ/ ውኃውን ማራቅ፦ ከዳሩ ወደ ወንዙ ውስጥ ገባ ያሉ አጫጭር የድንጋይ ግንቦች ይሠራሉ። ኃይለኛው ውኃ ወደ መሐል ይገፋል፣ በግንቦቹ መካከል ደለል ይቀራል።

4ኛ/ ክትር፦ በትናንሽ ሸለቆዎች ውስጥ በየርቀቱ ዝቅተኛ የድንጋይ ክትር ሲሠራ ውኃው ይዘገያል፣ ወለሉም እየጠለቀ አይሄድም።

5ኛ/ ተክል፦ ሸንበቆ፣ አኻያና ሥራቸው ጠልቆ የሚገባ ሣሮች አፈሩን ይይዛሉ። ዋጋው አነስተኛ ነው፣ ነገር ግን እስኪጸድቁ ጊዜ ይፈልጋሉ። ኃይለኛ ውኃ ባለበት ቦታ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ተክል ቢሆን ይመረጣል።

ወንዙን አቅንቶ በሲሚንቶ መሸፈንስ? ያንን ቦታ ይጠብቃል፣ ውኃውን ግን ያፈጥነዋል፤ ጉዳቱም ከታች ላለው ጎረቤት ይተርፋል።

በጎንደርና በትግራይ ገጠር ላደጉ አባቶችና እናቶች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በተዳፋት እርሻ ላይ ድንጋይ ክቦ እርከን የሠራ ገበሬ የዚህን ሥራ መሠረት ያውቀዋል። እዚህ አገር ቋንቋው ስላልሞላላቸው ብቻ ምንም እንደማያውቁ የሚቆጠሩ ወላጆች አሉ። ልጆች ከትምህርት ቤት ስለ ጎርፍ ተምረው ሲመጡ አባታቸውን ስለ ካብና ስለ ክትር ቢጠይቁ ከመጽሐፉ ያላነሰ ያገኛሉ።

ለጥንቃቄ

ጎርፍ ካለፈ በኋላም ለብዙ ቀናት ልጆችን ከአፋፉ አርቁ። ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን የሄደ ስንጥቅ ካያችሁ መሬቱ ሊወድቅ ነው ማለት ነው። የቤት ፍርስራሽ ወንዝ ዳር አትጣሉ፤ ውኃውን ወደ ማዶው ዳር ይመልሰዋል። በጎርፍ ጊዜማ ወደ ሸለቆ ጨርሶ መውረድ አይገባም። እ.ኤ.አ. አፕሪል 26 ቀን 2018 በናሐል ጻፊት 10 ወጣቶች በጎርፍ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በ1957 በወጣው የፍሳሽና የጎርፍ መከላከያ ሕግ መሠረት ለወንዞች ጥበቃ የተቋቋሙ የፍሳሽ ባለሥልጣናት (ራሹት ኒኩዝ) አሉ። እናንተ ግን በብዙ ከተሞች በ106 ወደ ዒሪያ ሞቄድ ደውላችሁ «ግዳት ሃናሐል ካርሳ» ማለትም «የወንዙ ዳር ተናደ» ብላችሁ ቦታውን መንገር ትችላላችሁ። የማመልከቻውን ቁጥር መያዝ አትርሱ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን በቀጥታ ለፖሊስ በ100 ይደወል።

ክረምቱን በሰላም ያሳልፈን።