ከዘራው በጤነኛው በኩል

እናቴ ቀኝ ዳሌዋን ካስቀየረች በኋላ ከዘራ በጨበጠችበት የመጀመሪያ ቀን ቤታችን በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። ከዘራውን ተቀብላ በቀኝ እጇ፣ በታከመችበት ጎን ያዘችው። ከመካከላችን አንድም ሰው ስህተት ነው አላለም። የሚያመንን ጎን መደገፍ መጠየቅ የማያስፈልገው ነገር መስሎን ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን ጠጋ ብላ ከዘራውን ከቀኝ እጇ ወሰደችና በግራ አስያዘቻት። «እማማ፣ ሁልጊዜ በጤነኛው በኩል ነው የሚይዙት» አለቻት። እናቴ አልተዋጠላትም። «የሚያመኝ ቀኜ፣ የምደግፈው ግራዬን?» ብላ ጠየቀች።

የዚህ ጥያቄ መልስ ስለ ዎከር፣ ስለ ክራንችና ስለ ከዘራ ማወቅ የሚገባንን አብዛኛውን ነገር በውስጡ ይዟል። ለዚህም ነው ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ለማስረዳት የምፈልገው።

የዳሌ መገጣጠሚያ የጭን አጥንት ድቡልቡል ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ የሚዞርበት ቦታ ነው። በመካከላቸው ያለው ልም አጥንት ተበልቶ ሲያልቅ፣ የጭኑ አጥንት ራስ ደም ተቋርጦበት ሲሞት ወይም በዕድሜ የሳሳ አጥንት በመውደቅ ሲሰበር መራመድ ስቃይ ይሆናል። ሐኪሙ የተበላሸውን ራስ ቆርጦ ያወጣና በምትኩ ከብረት ወይም ከሴራሚክ የተሠራ ኳስ ይተክላል፤ ጎድጓዳውንም ብዙውን ጊዜ በጠንካራ ፕላስቲክ ይሸፍነዋል። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ቀዶ ጥገና መሠረት ያስያዘው እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ነው። መጀመሪያ ለሽፋኑ የተጠቀመበት ቴፍሎን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተበላ ብዙ ታካሚዎቹ እንደገና ለመታከም ተገደዱ። እ.ኤ.አ. በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል ፖሊኤቲሊን በተባለው ፕላስቲክ ተካው። የሁለቱን ቁሶች ቅንጣት በራሱ ጭን ውስጥ አስገብቶ ሥጋው እንዴት እንደሚቀበላቸው የተመለከተ ሰው ነበር።

አዲሱ ኳስ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ጠንካራ ነው። ደካማው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ነው፤ አንድም ለዓመታት በሕመም ምክንያት ሳይሠራ ስለቆየ፣ አንድም እንደ ቀዶ ጥገናው መንገድ ተነክቶ ስለሆነ። የከዘራው ነገር የሚያያዘው ከዚህ ጡንቻ ጋር ነው።

ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ለአፍታ በአንድ እግር ብቻ እንቆማለን። ቀኝ እግር መሬት ላይ ሆኖ ግራው ሲነሣ፣ የራስ፣ የደረት፣ የእጆችና የግራ እግር ክብደት በአንድነት ከቀኙ መገጣጠሚያ በስተግራ ይንጠለጠላል። ወገባችን ወደ ግራ እንዳይዘም ከመገጣጠሚያው በስተውጭ፣ ከቀበቶ ዝቅ ብሎ በጎን በኩል ያለው ጡንቻ ይስበዋል። ቀኝ እጅዎን ቀኝ ጎንዎ ላይ አድርገው ግራ እግርዎን ቢያነሡ ጡንቻው ሲጠጥር ይሰማዎታል።

አሁን በር ያስቡ። በእጀታው በኩል ሲገፉት በአንድ ጣት ይከፈታል፤ በማጠፊያው አጠገብ ሲገፉት ግን ትከሻ ይጠይቃል። የዳሌያችን ማጠፊያ መገጣጠሚያው ነው። የሰውነታችን ክብደት ከማጠፊያው ራቅ ብሎ ይጫናል፤ ጡንቻው ግን ቅርብ ሆኖ መሳብ አለበት። ስለዚህ ሚዛኑን ለመጠበቅ ከሰውየው ክብደት በሚበልጥ ኃይል ይስባል፤ መገጣጠሚያውም የሰውነቱንና የጡንቻውን ጫና ደርቦ ይሸከማል። ይህን ስሌት ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪክ ፓውልስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በወረቀት ላይ ሠርቶት ነበር። በኋላ በበርሊን ያሉ ተመራማሪዎች መለኪያ ያለው ሰው ሠራሽ ዳሌ በታካሚዎች ውስጥ ተክለው ለኩት። በዝግታ ሲራመዱ እንኳ መገጣጠሚያው የሰውነትን ክብደት ወደ 2.5 እጥፍ ይሸከማል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ዳሌው ላይ ወደ 150 ኪሎ ያርፍበታል ማለት ነው።

በግራ እጅ የተያዘ ከዘራ መሬት የሚነካው ከቀኝ ዳሌ ርቆ ነው፤ በሩን በእጀታው በኩል እንደያዘ ሰው። መጠነኛ ግፊት ወገብን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ጡንቻው ይቀልለታል፤ ጡንቻው ሲቀልለት መገጣጠሚያውም ይቀልለታል። በቀኝ ቢያዝ ግን ከማጠፊያው አጠገብ ስለሚሆን እርዳታው ትንሽ ነው፤ ሰውነትንም ወደታመመው ጎን ያዘነብላል። ደግሞም ስንራመድ ግራ እጅ ከቀኝ እግር ጋር አብሮ ወደፊት መሄዱ የተፈጥሮ ነው፤ ከዘራው ይህን ልማድ ይከተላል።

አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ዋልተር ብላውንት እ.ኤ.አ. በ1956 ለሙያ ባልደረቦቹ ያቀረበው ጽሑፍ ርእሱ «ከዘራውን አትጣሉት» የሚል ነበር። እኔ ይህን ርእስ በየታካሚው ቤት ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ደስ ይለኛል። በእኛ ዘንድ ከዘራ ለሽማግሌ ክብር ነው፤ ገና ያልሸመገለ ሰው ሲይዘው ግን እንደ መሸነፍ ይቆጠራል። የሃምሳ ዓመት ሰው «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ከዘራውን ከበሩ ጀርባ ትቶ እያነከሰ ሲወጣ ማየት ያሳዝነኛል። ከዘራ ለጊዜው የደከመ ጡንቻን ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ነው።

ከከዘራው በፊት ግን ዎከሩ አለ። ዛሬ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በቀዶ ጥገናው ቀን ወይም በማግስቱ ይቆማል። አራት እግር ያለው ዎከር ብዙ የሚያረጋጋው እሱ ስለሆነ መጀመሪያ ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ዎከሩ ይቀድማል፣ የታከመው እግር ይከተላል፣ ጤነኛው መጨረሻ ይመጣል። ከወንበር ሲነሡ ዎከሩን መሳብ አደገኛ ነው፤ ይዞ ይወድቃል። የታከመውን እግር ወደፊት ዘርግቶ የወንበሩን እጀታ እየገፉ መነሣት፣ ከቆሙ በኋላ ዎከሩን መያዝ ነው። ሲዞሩም በታከመው እግር ላይ እንደ ቡሽ መክፈቻ መሽከርከር የለም፤ በትናንሽ እርምጃ ነው።

ለእናቴ የተሰጣት ዎከር ቁመቱ አልተስተካከለም ነበር። ለሦስት ቀን ጎብጣ ተራመደችበት፤ እኛ ከሕመሙ ነው ብለን ስናዝን ከረምን። ልኩ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ጫማ ተጫምተው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ክንድዎን ወደታች ሲለቁት እጀታው የእጅ አንጓ ላይ መድረስ አለበት። ያኔ ሲጨብጡት ክርን ትንሽ ይታጠፋል፤ ያ መታጠፍ ነው ጉልበት የሚሰጠው። ለከዘራም ለክራንችም ልኩ ይኸው ነው። ብብት ሥር የሚገባ ክራንች ከሆነ ጫፉ ከብብት በሁለት ወይም በሦስት ጣት ዝቅ ይበል፤ ክብደቱንም መዳፍ ይሸከመው። በብብት መንጠልጠል በዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ተጭኖ እጅን ሊያደነዝዝና ሊያሰንፍ ይችላል።

አንድ ጎረቤታችን የአባቱን መቋሚያ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ረጅም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የተባረከ ነው ብሎ። ደግነቱን አልረሳም። ነገር ግን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ መቋሚያ በማኅሌት ለረጅም ሰዓት ቆሞ ለሚያድር ሰው የተሠራ ነው። ለመራመድ ቁመቱ ይበዛል፣ ጫፉም ጎማ የለውም። ጎማው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ወለሉን የሚይዘው ግን እሱ ብቻ ነው። ሽንትሩ ሲያልቅ መቀየር አለበት።

ቤታችን ራሱ መሰናክል እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለፋሲካ የጎዘጎዝነው ቄጠማ ከከዘራው ጎማ ሥር ሸርተት ሲል ልቤ ቀጥ አለ፤ በዚያው ቅጽበት ጠርገን አወጣነው። የምንጣፍ ጠርዝ፣ የበር ደፍ፣ እርጥብ የወጥ ቤት ወለል፣ ወርዶ ዎከሩ እግር ውስጥ የሚጠላለፍ የነጠላ ጫፍ፣ ሁሉም ጥንቃቄ ይሻሉ። የበርሊኖቹ መለኪያ አንድ ታካሚ ሲደናቀፍ ሳይወድቅ እንኳ የክብደቱን ከ8 እጥፍ በላይ ጫና መዝግቧል። በርጩማም አደጋ ነው። ብዙ ሐኪሞች ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍና እግር በእግር ላይ እንዳይደረብ ያዝዛሉ፤ ኳሱ ከጎድጓዳው እንዳይወጣ ነው። ስለዚህ ቡና ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሆኖ ይጠጣል፤ ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ መሃሉ ክፍት የሆነ ወንበር ይደረግበታል፤ ስግደትም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያል። ትእዛዙ እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነት ስለሚለያይ የቀዶ ሐኪሙ ቃል ከጎረቤት ቃል ይበልጣል።

ደረጃ ሲመጣ እናቴ እንዲህ ብላ ያዘችው፤ ሲወጣ ጤነኛው ይቀድማል፣ ሲወርድ የታከመው። ሰውነትን ወደ ላይ የሚያነሣውም፣ ወደ ታች ቀስ አድርጎ የሚያወርደውም ጠንካራው እግር ነው። ከዘራው ምንጊዜም ከታከመው እግር ጋር ይሄዳል።

መቼ ይተዋል? በቀን መቁጠሪያ አይወሰንም። ብዙዎች በጥቂት ሳምንታት ከዎከር ወይም ከሁለት ክራንች ወደ አንድ ከዘራ ይሸጋገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ጡንቻው ነው። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ይመልከት። በታከመው እግር ሲቆሙ ሌላኛው ጎን ዝቅ ካለ፣ ወይም ደረት ወደታከመው በኩል ከተወዛወዘ፣ ጡንቻው ገና ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪክ ትሬንዴለንበርግ እ.ኤ.አ. በ1895 ይህን ምልክት ስለገለጸው ዛሬም በስሙ ይጠራል። እያነከሱ ያለ ከዘራ ከመሄድ፣ ሳያነክሱ በከዘራ መሄድ ይሻላል፤ ማንከስ ልማድ ይሆናልና።

እናቴ አሁን ቤት ውስጥ ያለ ከዘራ ትራመዳለች። ለገበያና ለኮብልስቶን መንገድ ግን አሁንም ትይዘዋለች፣ በግራ እጇ። ባለፈው ሳምንት አንድ ዘመዳችን ሊጠይቃት መጥቶ «እትዬ፣ የታከሙት በቀኝ አይደል? ለምን በግራ ያዙት?» አላት። ወንበር ሳትስብለት ወደ በሩ ወሰደችው። «በል በማጠፊያው በኩል ግፋው» አለችው። ገፋ፤ በሩ ሞገተው። «አሁን በእጀታው በኩል።»