ሶዲየሙን የሚያውቀው ሰው ከሄደ በኋላ

ተማሪዎቼ ሶዲየምን የሚያውቁት ከስልካቸው ነው። ቪዲዮው ላይ አንድ ጎረምሳ ቁራጩን ወደ ሐይቅ ይወረውራል፣ ውሃው ከነጭሱ ሽቅብ ይነሳል፣ ጓደኞቹ ይጮኻሉ። ስለዚህ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሲገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ዛሬ እናፈነዳለን?» ነው። አናፈነዳም። እኛ ዘንድ ሶዲየም ከጠርሙሱ የሚወጣው በአብዛኛው ለላሳኝ ፈተና ነው፤ ማንነቱ ባልታወቀ ውህድ ውስጥ ናይትሮጅን፣ ድኝ ወይም ክሎሪን መኖሩን ለማወቅ። ከምስር ፍሬ ያልበለጠች ቁራጭ ትንሽ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከውህዱ ጋር ቱቦው እስኪቀላ ትሞቃለች። ቱቦው እንደጋለ የተጣራ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ሲነከር ይሰነጠቃል፣ ውሃው ይጠለልና ምርመራው ይቀጥላል። ለስልክ የሚሆን ትርኢት የለውም።

ጥያቄያቸውን ግን አልንቀውም። አደጋ እንዳለ ገብቷቸዋል፤ የሳቱት ሰዓቱን ነው። ብረቱ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ሁሉም መነጽር አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ያ ሰዓት ብዙም አያሰጋኝም። የሚያሰጋኝ ቢላው ከተጠረገ፣ ጋዋኑ ከተሰቀለና በሩ ከተቆለፈ በኋላ ያለው ነው።

ሶዲየም እንደ ልብስ ሳሙና በቢላ የሚቆረጥ ብረት ነው። አዲስ የተቆረጠው ገጽ ያብለጨልጭና ወዲያው ይደበዝዛል፤ ከአየሩ ኦክስጅንና እርጥበት ጋር ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ከውሃ ትንሽ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ሃይድሮጅን ጋዝና ኮስቲክ ሶዳ ይፈጠራሉ፣ ሙቀቱም ብረቱን ራሱን ያቀልጠዋል፤ ለመቅለጥ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል። ትንሽ ቁራጭ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ብትጥሉ ድቡልቡል ሆና ወዲያ ወዲህ ትሮጣለች፣ ትንጫጫለች፣ ብዙ ጊዜም እሳት ሳትይዝ ታልቃለች። ያችኑ መጠን ውሃ ላይ በተንሳፈፈ የማጣሪያ ወረቀት ላይ ብታስቀምጧት ግን ቢጫ ነበልባል ታነሳለች። ልዩነቱ መሮጧ ነው። ስትሮጥ ሙቀቷን ውሃው ይወስድላታል፤ አንድ ቦታ ስትታሰር ሙቀቱ እዚያው ይጠራቀምና ሃይድሮጅኑን ይለኩሰዋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ቆሻሻ መጣያው ጋ ስንደርስ ትፈለጋለች።

ትልልቁ ቁራጭ የሚፈነዳበትን ምክንያት መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ በሃይድሮጅኑ መቀጣጠል ሲያስረዱ ኖረዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ፕራግ ያሉት ፓቬል ዩንግቪርት፣ ፊሊፕ ሜሰንና ባልደረቦቻቸው በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራ ቀርጸው ሌላ ነገር አሳዩ። የሶዲየምና የፖታሲየም ቅይጥ ጠብታ ውሃ በነካች ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከላይዋ እሾህ እሾህ ታወጣለች። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ውሃው ስለሚሸሹ የቀረው ብረት ፖዘቲቭ ቻርጅ ብቻ ተሸክሞ እርስ በርሱ ይገፋፋና ይበታተናል። ለእኔ ሥራ ከዚህ የሚተርፈው ነገር ቀላል ነው፤ የሚረጨው የቀለጠ ብረትና ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ ሁለቱም ለዓይን ምሕረት የላቸውም። ቆዳ ላይ ካረፈም ቁራጩ አስቀድሞ በደረቅ ወረንጦ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ብዙ ውሃ የሚለቀቅበት። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቧንቧ ስለሆነ ይህን ቅደም ተከተል ደጋግሜ አስብላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ቆሻሻ መጣያው።

ሶዲየም የሚቀመጠው ነጭ ጋዝ ወይም ፓራፊን ዘይት ውስጥ ነው። ለመመዘን ሲወጣ ጋዙ በማጣሪያ ወረቀት ይደረቃል፣ ከላዩ ያለው ነጭ ቅርፊትም በቢላ ይፋቃል። ወረቀቱ ላይ ጤፍ የምታህል ፍርፋሪ ትቀራለች፤ ከቅርፊቱ ጋርም ያልታየ ብረት ተፍቆ ይሄዳል። ተማሪው ወረቀቱን ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። እንግዲህ ፍርፋሪዋ መሮጥ በማትችልበት፣ ጋዝ በጠጣ ወረቀት በተጠቀለለችበት ቦታ ውሃ እየጠበቀች ነው።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ተቋም ይኸው ሆነ። ማታ የምታጸዳው እትዬ ወረቀቶቹን ሰብስባ እርጥብ የወለል መወልወያ ጨርቅ ያለበት የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ከተተቻቸው። ጭስ ሲነሳ፣ ከዚያም እሳት ሲታይ ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ ውሃ ጨመረችበት። ባልዲው ቀለጠ፣ ወለሉ ጠቆረ፣ እሷ ደግነቱ ከመደንገጥ በቀር ጉዳት አልደረሰባትም። በማግስቱ ስብሰባ ተጠርቶ «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ቃል ሲነሳ ዝም ብላ ሰማችና «ውሃ እሳት እንደሚሆን ማን ነገረኝ?» አለች። ስብሰባው ላይ መልስ ያለው ሰው አልነበረም። በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ነበር፣ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሥልጠናም ተሰጥቶ ነበር፤ የሠለጠንነው ግን እኛው ነን፣ ድሮም የምናውቀው።

አሁን ባለሁበት ላብራቶሪ ፍርፋሪና ወረቀት ወደ ቅርጫት አይሄድም። ቢላና ወረንጦው አጠገብ ነጭ ጋዝ ያለበት ቢከር ይቀመጣል፣ ፍርፋሪው ሁሉ እዚያ ይገባል። ወረቀቱም ጭስ በሚስበው ሳጥን (ሁድ) ውስጥ ለብቻው በአልኮል ይዳከማል፣ ተማሪ ሳይሆን ቴክኒሻን ነው የሚጨርሰው። ዓመቱ ሲጀመር ደግሞ የጽዳት ሠራተኞችንና ጥበቃዎችን ሰብስቤ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ኬሚስትሪ አላስተምራቸውም። ቀይ መስመር የተቀባውን ቁምሳጥን አሳያቸዋለሁ፤ እዚህ ጋ እሳት ካያችሁ ውሃ አታምጡ፣ በሩን ዘግታችሁ ደውሉ እላለሁ። አንድ አዛውንት ጥበቃ «የእሳት አደጋ ሰዎች ውሃ ይዘው ቢመጡስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የትኛውም የሥልጠና ወረቀት ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ውስጥ ምን እንዳለ የሚገልጸው ወረቀት በሩ ላይ ብቻ ሳይሆን እሳቸው ጋ፣ የግቢው መግቢያ ላይም ይቀመጣል።

ማጥፊያውም የራሱ ጣጣ አለው። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ለሶዲየም አይሆንም፤ የሚነደው ሶዲየም ከጋዙም ጋር ይዋሃዳል፣ የጋዙ ግፊትም የቀለጠውን ብረት ይረጨዋል። የተለመደው የዱቄት ማጥፊያም ለዚህ አልተሠራም። ለብረት እሳት ተብሎ ከሚሸጠው ዱቄት የታወቀው ዓይነት ዋና ይዘቱ የገበታ ጨው ነው። ሶዲየም ራሱ የሚመረተው የቀለጠ ጨውን በኤሌክትሪክ በመበተን ነውና ነገሩ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ደረቅ ጨው ወይም ደረቅ አሸዋ ለትንሽ እሳት ይበቃል። «ደረቅ» የሚለው ላይ ነው ጉዳዩ። አብዛኛው የአሸዋ ባልዲ የሚቀመጠው ደጅ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ይጠጣል፣ ሲጋራም ይተረኮስበታል። እርጥብ አሸዋ ሶዲየም ላይ ማፍሰስ ያው ውሃ ማፍሰስ ነው። የእኛው ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ፣ ከቁምሳጥኑ አጠገብ ነው ያለው።

በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማው ሲበዛ ሰዎች ስለ ሊትየም ይጠይቁኝ ጀምረዋል። አጭሩ መልስ፤ የስልክና የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ሊትየም በአብዛኛው በውህድ መልክ ነው እንጂ ጠርሙስ ውስጥ እንዳለው ብረት አይደለም፣ ለባትሪ እሳትም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለማቀዝቀዝ ብዙ ውሃ ይጠቀማሉ። የላብራቶሪውን ሕግ ወደ ጋራዥ መውሰድ አያስፈልግም። ብረቱ ሊትየም ግን ሌላ ጠባይ አለው። ክብደቱ ከውሃ ግማሽ ብዙም ስለማይበልጥ ነጭ ጋዝ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠርሙሱ የሞላ መስሎ ብረቱ ግን አየር ላይ ነው። ሶዲየምን የሚጠብቀው ናይትሮጅን እንኳ ከሊትየም ጋር ይዋሃዳል።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ፖታሲየም ነው። አሮጌ ሶዲየም ነጭ ቅርፊት ያበጅና ይባክናል፤ አሮጌ ፖታሲየም ግን ዘይት ውስጥ ሆኖም ቀስ በቀስ ቢጫ፣ አንዳንዴም ብርቱካንማ ቅርፊት ያወጣል። ሱፐርኦክሳይድ ይባላል። ያንን ጠርሙስ ከፍቶ ቢላ ማሳረፍ ቅርፊቱን ከንጹሕ ብረቱና ከዘይቱ ጋር ማጋጨት ነው፣ በዚህ ምክንያት የፈነዳባቸው ሰዎች አሉ። ውሃ አያስፈልገውም፣ ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። ቢጫ ያየ ሰው ጠርሙሱን ሳይከፍትና ሳያንቀሳቅስ ትቶ የሚያውቅ መጥራት አለበት።

ታዲያ ጊዜ እኛ ስቶር ውስጥ ሞልቷል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22። በመካከሉ ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ የሚጠይቅ ወረቀት የለም። ሰኔ 30 ሲቃረብ፣ ዝናቡም ሲጀምር፣ ቆጣሪዎች ይመጣሉ፤ የሥራ ድርሻቸው ነውና ጠርሙሱን አንስተው፣ ነቅንቀው፣ «ስንት ግራም ቀረ?» ይላሉ። እንዲወገድ ቢጠየቅ ኮሚቴ ያስፈልጋል፣ ኮሚቴው ደግሞ ዋጋ ያለው ንብረት መጣል ይከብደዋል። የተረከበው ሰው ጡረታ ይወጣል፣ ተተኪው በቁጥር ይረከባል፣ ጠርሙሱ መዝገብ ላይ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ መለያው ላይ የተከፈተበትን ቀንና የከፈተውን ሰው ስም በማይለቅ ቀለም እጽፋለሁ፣ ለቆጣሪዎችም የምዘናውን ማስታወሻ አሳያለሁ እንጂ ጠርሙሱን አላስነካም።

ሶዲየምን ማስወገድ ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ሁድ ውስጥ፣ እሳት በሌለበት፣ ቁርጥራጩ ነጭ ጋዝ ውስጥ እንዳለ አይሶፕሮፓኖል በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፣ ቀጥሎ ኢታኖል፣ ውሃ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የሚያሳስተው አረፋው ሲቆም ነው። ቁራጩ በራሱ ውጤት ተሸፍኖ ውስጡ ገና ብረት ሊሆን ይችላል፤ አልቋል ብሎ ውሃ የደፋ ሰው እሳቱን ያኔ ያየዋል። ስለዚህ እንጠብቃለን፣ እናማስላለን፣ አድሮም ቢሆን።

ተማሪዎቹ ከሚያሳዩኝ ቪዲዮዎች አንዱ የድሮ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ከጦርነቱ የተረፈውን ወደ 9 ቶን የሚጠጋ ሶዲየም በበርሜል አድርጎ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ካለ ገደል ወደ ሊኖር ሐይቅ ሲያንከባልለው ያሳያል። ተማሪዎቹ ፍንዳታውን ያያሉ። እኔ የማየው ለማን እንደሚያስረክበው ያጣ ስቶር ነው።

ዘንድሮ ለግዢ ክፍል በጻፍነው ጥያቄ ላይ ከ500 ግራም ጠርሙስ ይልቅ 100 ግራም እንዲገዛልን አመልክተናል፤ ፖታሲየሙን ሰርዘነዋል፣ ለምናስተምረው ትምህርት አያስፈልግም። ትልቁ ጠርሙስ በግራም ሲሰላ ይረክሳል የሚል መልስ መጣ። የማስወገጃውን አልኮል፣ የቴክኒሻኑን ሰዓትና የቁምሳጥኑን ዋጋ ደምረን፣ ሂሳቡን አያይዘን መልሰን ልከናል። ደብዳቤው አሁን እዚያው ነው።