ፖርት ሲያዝ፦ የቢግ ዳታ አገልግሎቶች ለምን አልነሣም ይላሉ?

እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ በባሌ ደጋ የተከሰተው የግንድ ዋግ በሽታ ዲገሉ የተባለውንና በሰፊው ይዘራ የነበረውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ካጠቃ ወዲህ፣ የዋግን ሥርጭት ቀድሞ የመተንበይ ሥራ በኢትዮጵያ እየጠነከረ መጥቷል። እንዲህ ያለው ትንበያ የነፋስን፣ የዝናብንና የሙቀትን መረጃ ከማሳ አሰሳ ውጤት ጋር የሚያጣምር በመሆኑ፣ ስሌቱ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ እንኳ አርሶ አደሩ ፀረ ፈንገስ የሚረጭበት ጊዜ ሊያልፈው ይችላል። ከሮቤና ከጎባ ዙሪያ ማሳዎች፣ ከሳኔቲ አምባና ከሳተላይት ምስሎች የሚገኘው መረጃ እየተቆለለ ሲሄድ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር አይበቃውም፤ ሥራውን ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚያከፋፍለው የቢግ ዳታ ሶፍትዌር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከእንዲህ ዓይነት ሶፍትዌሮች በሰፊው የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ሃዱፕ የብዙ አገልግሎቶች ስብስብ ነው፤ ኔምኖድ የፋይሎችን መዝገብ ሲይዝ፣ ዳታኖዶች መረጃውን ራሱን ያስቀምጣሉ። እያንዳንዱ አገልግሎት ጥሪ የሚቀበልበት፣ ከ0 እስከ 65535 ባለው ክልል የሚገኝ ቁጥር አለው፤ ይህም ፖርት ይባላል፤ የኮምፒውተሩ አድራሻ እንደ ሕንፃ ቢታይ ፖርቱ የቢሮ ቁጥር ነው። ሁለት አገልግሎቶች በአንድ አድራሻ ላይ አንድን ፖርት ሊይዙ ስለማይችሉ፣ ዘግይቶ የደረሰው አድራሻው መያዙን የሚገልጽ ስሕተት ጽፎ ይዘጋል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ሁሉም አገልግሎት እንዲህ በግልጽ ስለማይዘጋ ነው። የአገልግሎቶችን ቅንጅት የሚጠብቀው ዙኪፐር ከ3.5 ዕትሙ ጀምሮ የአስተዳዳሪ ገጹን በ8080 ይከፍታል፤ ስሌት የሚያካሂደው ስፓርክም የዋና አገልግሎቱን መከታተያ ገጽ የሚከፍተው በዚሁ ቁጥር ነው። ዙኪፐር ቀድሞ ከተነሣ ስፓርክ በሎግ (በሥራ መዝገቡ) ላይ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ጥሎ ወደ 8081 ይዛወራል፤ በለመደው ቁጥር የገባ ባለሙያም የማያውቀው ገጽ ይገጥመዋል። ስፓርክ ከቀደመ ግን ዙኪፐር መነሣት አቅቶት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ፊደል እንኳ ያልተነካበት ሰርቨር ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ሊል ይችላል፤ የተለወጠው የአነሣሡ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሰርቨር ደጋግሞ ጠፍቶ ስለሚነሣ፣ ሌላ ቦታ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ የሚኖረው ስሕተት ቶሎ ቶሎ ብቅ ይላል።

ከዚህ የባሰው ችግር የመጣው ከሃዱፕ ከራሱ ነበር። በሃዱፕ 2 የኔምኖድ ገጽ በ50070፣ የዳታኖድ መረጃ መቀበያ ደግሞ በ50010 ይከፈት ነበር፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሊኑክስ ግን ከ32768 እስከ 61000 ገደማ ያሉትን ቁጥሮች ወደ ሌላ ኮምፒውተር ለሚደውሉ ፕሮግራሞች በጊዜያዊነት ያድላል። ሰርቨሩ እንደተነሣ ከአንድ ዳታቤዝ ጋር የተገናኘ ፕሮግራም በአጋጣሚ 50010 ከደረሰው፣ ዳታኖዱ ቦታው ተይዞበት ይቀራል። ባለሙያው በዚያ ፖርት ጥሪ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ቢፈትሽ ደግሞ ማንንም አያገኝም፤ ቁጥሩን የያዘው ደዋይ እንጂ ጥሪ ተቀባይ አይደለምና፣ ፍተሻው የተከፈቱ ግንኙነቶችን ሁሉ ካላካተተ ከንቱ ድካም ነው። በዲሴምበር 2017 የወጣው ሃዱፕ 3 ሁለቱን ቁጥሮች ወደ 9870 እና ወደ 9866 አውርዷቸዋል፤ ለዚህ ቀላል ማስተካከያ ከአሥር ዓመት በላይ መፍጀቱ ግን ያስገርማል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ሌላም ጣጣ ይተርፋል። ሃዱፕ ሲነሣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሰጠውን የፕሮሰስ መለያ ቁጥር በትንሽ ፋይል ይጽፋል፤ ፋይሉ ሳይጠፋ ቀርቶ ከዳግም መነሣቱ በኋላ ያ ቁጥር ለሌላ ፕሮግራም ከደረሰ፣ ማስነሻው አገልግሎቱ እየሠራ ነው ብሎ ይመለሳል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ተረጋግጦ ፋይሉ ቢሰረዝ ይበቃል፤ ፕሮግራሙን መግደል ግን ምንም ያላጠፋውን መቅጣት ነው።

ምርመራው መጀመር ያለበት ከሎግ ነው። የመጨረሻዎቹ መስመሮች ብዙውን ጊዜ መዘጋቱን ብቻ ስለሚናገሩ፣ ምክንያቱ ከእነርሱ በላይ ይፈለጋል። አድራሻው ተይዟል የሚለውና አድራሻው ሊሰጥ አይችልም የሚለው መልእክትም መለየት አለባቸው፤ ሁለተኛው የሚመጣው በማዋቀሪያው ላይ የተጻፈው አድራሻ የኮምፒውተሩ ሳይሆን ሲቀር ነውና፣ ፖርት ቢቀያየር ፋይዳ የለውም። ፖርቱን የያዘው ፕሮሰስ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከታወቀ በኋላ ቁጥሩን መቀየር ሲመረጥ፣ ያንን አገልግሎት የሚጠሩት ሁሉ አብረው መስተካከል አለባቸው።

ኔምኖድ ከተነሣ በኋላ ፋይል አላስጽፍም ቢል ደግሞ ጉዳዩ የፖርት ላይሆን ይችላል። ኔምኖድ 99.9 በመቶ የሚሆኑት የመረጃ ክፍልፋዮች መገኘታቸውን ከዳታኖዶች እስኪሰማ ድረስ በጥንቃቄ ሁነታ ይቆያል፤ ዳታኖዶቹ ሁሉ በሥራ ላይ ከሆኑ መጠበቅ በቂ ሲሆን፣ ትዕግሥት አጥቶ እንደገና ማስነሣት ቆጠራውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።