ተማሪዎች በፊልም ያስተምራሉ

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት አንድ ዓለም አቀፍ ውድድር አለ። «ብሬክስሩ ጁኒየር ቻሌንጅ» ይሉታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ተወዳዳሪው አንድ ከባድ የሳይንስ ነገር በአጭር ፊልም ቀለል አድርጎ ያስረዳል።

በ2016 ካሸነፉት ሁለት ተማሪዎች አንዷ የሲንጋፖር ልጅ ናት። ለትምህርቷ 250,000 ዶላር ተሸለመች። መምህሯና ትምህርት ቤቷም ድርሻቸውን አገኙ።

ፊልሟ ስለ ምንድን ነው? መድኃኒት ስለለመዱ ጀርሞች ነው። ነገሩ እኛንም ይነካል። ጀርም የሚገድል መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሁ ስንውጥ ደካሞቹ ጀርሞች ይሞታሉ፤ ብርቱዎቹ ይተርፋሉ፤ ይራባሉ። ኋላ በእርግጥ ስንታመም ያ መድኃኒት አያድነንም። እንግዲህ ጨው ከጎረቤት እንበደር፤ መድኃኒት ግን አንበደር። ሐኪም ሲያዝልን ብቻ፣ እንዳዘዘልን እንውሰድ።