«ነገ ይምጡ» የሚባልበት ጋራዥ

ተሽከርካሪ ለጥቂቶች የምቾት ዕቃ ቢሆንም ለብዙው ሰው የዕለት እንጀራ ማግኛ መሣሪያ ነው። ታክሲ ነጂውም ሆነ እህል ጫኙ ሞተሩ የታመመ ዕለት ሥራው ይቆማል፤ የቤተሰቡም ጉርሻ ይጓደላል። ስለዚህ የጋራዥ አገልግሎት ጉድለት የባለመኪናው የግል ብስጭት ብቻ ተደርጎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከቆላ አገር የገዛውን አሮጌ ቮልስዋገን «ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ቤንዚንም ይፈጃል» ብሎ ደሴ ከተማ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ጋራዥ ሰጥቶ ነበር። «ነገ ይምጡ ጋሼ» ተባለ። በማግሥቱም የተገኘው መልስ ያው «ነገ» ነበር። በአምስተኛው ቀን የካንዴላ፣ የፑንቲናና የካርቡራተር ማስተካከያ ተብሎ ሒሳቡ በቃል ተነገረ። የተለወጠው ዕቃ የት አለ ቢባል «ተጥሏል»፣ ምን ተገኘበት ቢባል «አሁን ደኅና ነው» የሚል ነበር ምላሹ። ደረሰኝ ሲጠየቅማ ባለጋራዡ ፊቱን አዞረ።

በዚያው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ፍሬን ባይዝለት ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር። በኋላ በሌላ ባለሙያ ሲታይ ካርቡራተሩ ጭራሽ አልተነካም፤ ካንዴላዎቹም የቀድሞዎቹ ነበሩ።

ሞተር ማስተካከል የግምት ሥራ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲደርስ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁሩ ጭስና የሚባክነው ነዳጅ ከዚህ ይመጣሉ። በብዙዎቹ አሮጌ ቮልስዋገኖች የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር፣ የቫልቮላው ደግሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ይህ በስስ ብረት መለኪያ እንጂ በዓይን አይለይም። ልኩን ለባለመኪናው ማሳየትም ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ሕጉም ቢሆን ለደንበኛው ይቆማል። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 ላይ፣ ዋጋ ተቀብሎ ሥራ ለመሥራት የተዋዋለ ሰው የተወሰነ ውጤት በራሱ ኃላፊነት ለማስገኘት ግዴታ እንደሚገባ ይደነግጋል። እንግዲህ መኪናውን አምስት ቀን ማቆየት ብቻውን ዋጋ አያስከፍልም።

በሠራዊቱ ውስጥ ተሽከርካሪ የነዳ ሁሉ፣ መኪና ወደ ጥገና ሲገባ ጉድለቱና የተለወጠው ዕቃ በጽሑፍ መስፈር እንዳለበት ያውቃል። ይህ ሥርዓት ለከተማው ጋራዥ የሚከብድ አይደለም፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃዋል።

እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ ሁሉ የመካኒኩ አይደለም። ጥራት የሌለው መለዋወጫ በርካሽ ገዝቶ የሚያመጣ፣ መኪናው እንዴት እንደተበላሸ የሚደብቅ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ በዋጋ የሚከራከር ደንበኛም ሞልቷል። በግራሶ ተለውሶ ከመኪና ሥር የሚውለው ሠራተኛ አክብሮት ይገባዋል፤ ሙያውን አክብረው በትክክል የሚሠሩም ጥቂቶች አይደሉም።

ስለዚህ ደንበኛው መኪናውን ከማስረከቡ በፊት ጉድለቱንና የተስማማበትን ዋጋ በጽሑፍ ያስፍር፤ አሮጌውን ዕቃ ይጠይቅ፤ ደረሰኝ ሳይቀበልም አይውጣ። ባለጋራዡም የማይችለውን «አልችልም»፣ ለነገ የማይደርሰውን «ለነገ አይደርስም» ይበል። እውነቱ የተነገረው ደንበኛ ሳምንትም ቢሆን ይታገሣል፤ የተዋሸው ግን ሁለተኛ አይመለስም።