ያስለቀሰን መንፈስ ቅዱስ ነው ወይስ ድምፅ ማጉያው?



የምናገለግልበት ወሎ ሰፈር በቦሌ መንገድ ላይ በሁለት ትልልቅ መድረኮች መካከል ይገኛል። በኦሎምፒያ በኩል መስቀል አደባባይ፣ ወደ አየር ማረፊያው በኩል ደግሞ ሚሊኒየም አዳራሽ አለ። በሚሊኒየም አዳራሽ የመዝሙር ኮንሰርት በተደረገ ማግስት አንድ ወጣት ወንድም መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «ፓስተር፣ ትናንት ማታ እጄን አንስቼ አለቀስኩ። ዛሬ ጠዋት ልጸልይ ብንበረከክ ግን ባዶ ሆንኩ። ያስለቀሰኝ መንፈስ ቅዱስ ነበር ወይስ ድምፅ ማጉያው?»

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነዋል፤ ለመጠየቅ ግን እንፈራለን።

ስሜት ብቻውን ምስክር አይሆንም

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር እኔም ወጣት ነበርኩና ከጓደኞቼ ጋር በእግር ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ሪታ ማርሌና ልጆቹ፣ እነ ዩሱ ንዱርና አንጀሊክ ኪጆ ተጫወቱ። ቤዙ ደረቴን ሲመታውና ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮ ሲያዜም ሰውነቴን ወረረኝ፣ እንባዬም ቀረበ። በዚያ መድረክ ላይ ግን የተመለከው ጌታዬ አልነበረም! በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ቢዮንሴ በሚሊኒየም አዳራሽ ስትዘፍን የነበሩም ያንን ምሽት እስከ ዛሬ በስሜት ያወሩታል።

እግዚአብሔር ሰውነታችንን ለዜማና ለምት እንዲነቃነቅ አድርጎ ፈጥሮታል። የብዙ ሰው ስሜትም ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን እዚያም እዚህም የሚመጣ ስሜት መንፈስ ቅዱስ ለመምጣቱ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። በዱራ ሜዳም የሙዚቃው ድምፅ ሲሰማ ሕዝቡ ለምስሉ ወድቆ ሰግዷል (ዳን. 3፥7)።

ድምፅ ማጉያ ያልነበረው ዝማሬ

በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። ወላጆቻችን በየቤቱ ተሰብስበው፣ መስኮት ዘግተው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ለሰባት ዓመታት ታስሯል፤ በእስር ቤት ያገኛቸው ዝማሬዎችም አማኞችን አጽናንተዋል። ጳውሎስና ሲላስም እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በመንፈቀ ሌሊት ዘመሩ፤ እስረኞቹም ያደምጧቸው ነበር (ሐዋ. 16፥25)። ያኔ መብራትም መድረክም አልነበረም። ከዝማሬው ማግስት ግን የወኅኒው ጠባቂ ቤተሰብ ድኖ ተገኘ።

ታዲያ ኮንሰርት እንተው?

አይደለም! በሰሎሞን መቅደስ ምረቃ ላይ 120 ካህናት መለከት ይነፉ ነበር፤ የእግዚአብሔርም ክብር ቤቱን ሞላው (2ዜና 5፥12-14)። ሆኖም ያው እግዚአብሔር በነቢዩ አሞጽ አማካይነት ፍትሕ የሌለበትን የሕዝቡን ዝማሬ አልሰማም ብሏል (አሞ. 5፥21-24)። ስለዚህ ከኮንሰርት ስንመለስ ራሳችንን እንጠይቅ፦

1. በልቤ የቀረው ዘማሪው ነው ወይስ ጌታ?
2. የዘመርኩት ቃል እውነት መሆኑን ቃለ እግዚአብሔርን ገልጬ አይቻለሁን?
3. ከተጣላሁት ወንድም ጋር ታርቄአለሁን? ለቤት ሠራተኛዬ ደመወዟን በጊዜው ከፍያለሁን?

የመጨረሻው ጥያቄ ከመዝሙር ጋር የማይገናኝ ይመስላል። ለአሞጽ ግን ዋናው እርሱ ነበር።

ለዚያ ወጣት «ምናልባት ሁለቱም ይሆናሉ» አልኩት። ጌታ በድምፅ ማጉያም ሊጠቀም ይችላል። ነገር ግን ማጉያው ሲጠፋ ጌታ አብሮ አይጠፋም። ጠዋት ባዶነት የተሰማው እግዚአብሔር ትቶት ስለሄደ ሳይሆን ያለ ሙዚቃ መጸለይን ገና ስላልለመደ ነው። በዚያው ቢሮ ውስጥ አብረን ተንበረከክን። አላለቀሰም፤ ጸሎቱም አጭር ነበር። ሲነሣ ግን «ነገ ጠዋትም እሞክራለሁ» አለኝ።

ወገኖች ሆይ፣ እናንተስ ትላንት ከዘመራችሁት ዛሬ ጠዋት ምን ቀራችሁ?

ጌታ ይባርካችሁ።