የሞራል ካሳና ጣሪያው

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የ34 ዓመት ጠበቃ ደረቱን ቢያመው ሊታከም ሄደ። የጡንቻ ሕመም ነው ተብሎ ቫልየም ታዘዘለት። ሌሊቱን ብሶበት ድንገተኛ ክፍል ገባ፤ ራጅ ተነሣ፣ አሁንም ጡንቻ ነው ተባለና ማስታገሻ ተወግቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ኢሲጂ የተነሣው ከሰዓታት በኋላ ነበር፤ ውጤቱም ሃርት አታክ መሆኑን አሳየ።

ሰውየው በሕክምና ስሕተት ክስ መሠረተ፤ ጁሪውም ለደረሰበት ስቃይ ብቻ 500,000 ዶላር እንዲከፈለው ወሰነ። የተፈቀደለት ግን ግማሹ ነው፤ ምክንያቱም ግዛቲቱ በ1975 ባወጣችው ሕግ በሕክምና ስሕተት ክሶች ለስቃይና ለሞራል ጉዳት የሚከፈል ካሳ ከ250,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1985 ገደቡን አጸናው።

ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ለተጠያቂነት መድን የሚከፍሉት ዓረቦን በአንድ ጊዜ አሻቅቦ፣ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱም ነበሩ። ጥፋቱ የገደቡ መኖር ሳይሆን ቁጥሩ ከኑሮ ውድነት ጋር አለመራመዱ ነው። በ2022 ያንኑ የመግዛት አቅም ለመያዝ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስፈልግ ነበር። ጉዳቱም በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። ደመወዝተኛ የቀረበትን ገቢ ያለ ጣሪያ ይጠይቃል፤ ሕፃን፣ ጡረተኛና የቤት እመቤት ግን የሚቆጠር ገቢ ስለሌላቸው የካሳቸው ዋና ክፍል ይኸው የተገደበው ነው። ግዛቲቱ በ2022 ሕጉን አሻሽላ ጣሪያው ከ2023 ጀምሮ በየዓመቱ ከፍ እንዲል አደረገች፤ በአሥር ዓመት ውስጥ በሞት ጉዳይ 1 ሚሊዮን፣ በሌላው 750,000 ዶላር ይደርሳል።

የኢትዮጵያ ሕግም ጣሪያ አለው፤ ብዙ ሰው ሲሰማው ይደነግጣል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ተኩል ገደማ ስለነበር ገንዘቡ 400 ዶላር ያህል ነው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ልጇን በሐኪም ቸልተኝነት ላጣች እናት ፍርድ ቤት ይህን ሲወስንላት ሐዘኗን ያቃልላል እንጂ አይክስም። ሕግ አውጪው ቁጥሩን ሊያሻሽለው ይገባል።

ጣሪያው ግን የሞራል ካሳን ብቻ ይመለከታል። ለሕክምና የወጣ ወጪና የቀረ ገቢ የሚካሰው በአንቀጽ 2091 መሠረት በጉዳቱ ልክ ነው፤ ስለዚህ ደረሰኝ፣ የምርመራ ውጤትና የሕክምና ማስረጃ መያዝ የግድ ነው። ሕክምናው አለመሳካቱ ብቻውን ጥፋት አይሆንም። አንቀጽ 2031 ባለሙያውን ተጠያቂ የሚያደርገው የሙያውን ደንብ ሲጥስ ነው፤ ይህንንም ለማረጋገጥ ፍርድ ቤቶች የባለሙያ አስተያየት ይጠይቃሉ። ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከት በሐኪሙ የሥራ ፈቃድ ላይ እርምጃ ሊያስወስድ ይችላል፤ ካሳ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። አንቀጽ 2143 ደግሞ ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። የኮሚቴውን መልስ ሲጠባበቁ ይህ ጊዜ እንዳያልፍ ጠበቃ ቀድሞ ማማከር ያሻል።